ማክሰኞ የገባች እርግብ

ዓርብ ንጋት ለቀቋት፣ ከባርሴሎና፤
ቅዳሜ ትገባለች፣ ሰማዩ ከቀና።
ኦዲሎን፣ ኒኖቭ ላይ፣ በርጩማ ይዞ ጓሮ፣
ሰማይ ሲያይ ዋለላት፣ ደቂቃ ቆጥሮ።
እኔ፣ ከላይ ክፍል በኪራይ የምኖር፣
በመስኮቴ በኩል አየው ነበር።

የቫሌር ሁለት ገቡ፤ የቄሱም ደረሰች፤
የባለዳቦ ቤቱ አንካሳ እንኳ ታየች።
ቫሌር ግን ሦስተኛው አርፍዶ ቢመጣ፣
አንገቱን ጠምዝዞ ጣለው፣ ያለ ቁጣ።
«ለሾርባ ይሆናል» አለና ሳቀ፤
የትንሹ ልጁ ሳቅ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

እሑድ መሸ። ሰኞ። በርጩማው ዝናብ ጠጣ፤
ከኦዲሎን አፍ ግን አንድም ቃል አልወጣ።
የታጠበ ድስት ሌሊት መልሶ አጠበ፣
ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ይዞ አነበበ።
አንዴ ባልዲ ረገጠ፤ ባልዲው ተንከባለለ፤
ሄዶ አነሳውና «አንተ ምን አረክ?» አለ።

ማክሰኞ ማታ መጣች፣ ደረቷ ተልጦ፤
ጭልፊት የነካት ናት፣ ጅራቷ ተቆርጦ።
ሰዓቱን አላየም። ውሃ በእጁ ሞልቶ፣
«መንገዱ ጠና?» አላት፣ ወደ እሷ ተደፍቶ።

ያን ማታ መስኮቴን ዘግቼ ደወልኩ ለእህቴ፤
ሥራ ሲከለክሉኝ በእሷ ነበር ብስጭቴ።
ስልኩ ጠራ፣ ጠራ።
አላነሳችም።
ወርጄ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።
ገና አልደረቀም።