አመድ አፋሽ

«እጅሽ አመድ አፋሽ» ብላ አክስቴ ስታዝንልኝ፣
እርግማን አልመሰለኝ።
እውነቷን ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደሞዝ የሚከፈለኝ
አመድ አፍሼ ነው፤
ነፍቼ፣ መዝኜ፣ ደግሜ የምለካው፣
ከሲሚንቶው ቀንሼ በምትኩ የምተካው።

ሐርቡ፣ ማሽላው ተወቅቶ ፍሬው ወደ ጎታ፣
እብቁ ወደ ነፋስ ሲለያዩ ማታ፣
እኔ ከነፋሱ ወገን፣ ጆንያዬን ዘርግቼ
ስቆም ከአውድማው ዳር፣ ነጠላ አደግድጌ፣ አፌን ሸፍኜ፣
ገበሬው ለጎረቤቱ፦ «እይማ፣
ፍሬውን ትታ እብቅ የምትሸምት፣
ተምራ ተምራ ነው እንዲህ የሆነች ሴት?»

እብቁ በስድስት መቶ ዲግሪ ከምድጃ ገብቶ
ሲወጣ ግራጫ ነው፣ እንደ ሽማግሌ ፂም፣ ቀሎና ሸብቶ።

አባቴ ግንበኛ ነው። በደሴ ዳገት ላይ
የሰው ግድግዳ ሲያቆም፣
የራሱ ቤት ግን እስከ መስኮት ደርሶ
ሲሚንቶ ሲወደድ እዚያው ላይ ቀረ፣ ሲከርም፣ ሲከርም።
ፌሮው ዝጎ ዝጎ ልብስ ማስጫ ሆኖ፣
የእናቴ ነጠላ ጣሪያውን ሸፍኖ።

ሕጉ ሃያ ስምንት ቀን ነው። በሃያ ስምንተኛው
ማሽኑ ኩቡን ይጨምቃል፤ እሱ ነው ዳኛው።
የሲሚንቶው ኩብ ሃያ ስድስት አለ፤
የእኔው በአሥራ ሰባት ጎኑ ተነጠለ።
የቤተ ሙከራው ሙሄ ስብርባሪውን ጠርጎ
«ስድስቱን አንንካቸው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«አመድ ቀስ ብሎ ነው ወገቡን የሚያጠብቅ።»
ገምጋሚው ግን አያውቅም ሃያ ዘጠኝ መጠበቅ።
«ጥንካሬ ይጎድለዋል» አለና በአንድ መስመር
መለሰው ጽሑፌን። እድገቴም፣ እንደ አባቴ ቤት፣
መስኮት ላይ ደርሶ ቆመ፤ ላይጨመር ድንጋይ፣ ላይጨመር።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ።
የቦርከናን ድልድይ ስንሻገር በጨለማ
ቁልፉ ከኪሴ ውስጥ ሲቃጭል ስሰማ፣
ስንቱን ትቼ ስሸሽ ያሳቀኝ ያ ብቻ፦
የምቆልፈው በር እንዳለኝ ሁሉ!

ስንመለስ ኮምፒውተር የለም፤ ሚዛኑም፣ ምድጃው፣
የወንበሩ ጨርቅ ሳይቀር፤ በሩም ከነመዝጊያው።
ቁልፌ ብቻ ቀረ።
ሙሄ ከጓሮ ጠራኝ፣ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ፤
ውሃው እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ከርሞ።
ክንዱን እስከ ብብት ነክሮ ሲያወጣ አንድ ኩብ፣
አልጌውን ቢጠርገው የእጄ ጽሑፍ ይነበብ
ነበር። ስድስቱም አሉ። «ድንጋይ ማን ይሰርቃል?» አለ፤
ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ፣ ድምፁ ተንከባለለ።

መጭመቂያችን የለም፤ በጆንያ ጠቅልለን
ሐረጎን ወጣነው፣ ሚኒባስ ተኮናትረን።
ረዳቱ ሸክሙን ሲያነሳ ወገቡን ይዞ
«ምንድን ነው?» ቢል፣ «አመድ» አለው ሙሄ፣ እንደ ቁም ነገር ተክዞ።

ደሴ። ጭጋግ በመስኮቱ። የሰው ማሽን፣ የሰው ክፍል።
መርፌው መውጣት ጀመረ።
አሥራ ሰባት ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ።
ሙሄ ክንዴን ያዘኝ።
ሃያ።
ሃያ ስድስት።
ጓ ያለው ሠላሳ አንድን አልፎ ነው።

አውቃለሁ፤ የገንዳው ሙቀት አልተለካ፣
አምስት ኩብ ማስረጃ አይሆንም ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ለዚያ ሁሉ ጥያቄ፤
ገምጋሚው ይህን ይላል፤ ደግሞም እውነቱን ነው።
ማሽላው ሲወቃ ሐርቡ እመለሳለሁ፣ ጆንያዬን ጠቅልዬ።

ስድስተኛውን ግን አልሰጠሁም ለማሽን።
ዳገቱን ተሸክሜው ወጣሁ፣ እስከ አባቴ ቤት፤
ከመስኮቱ በላይ፣ ፌሮው ሥር አስቀመጥኩት።
አባቴ መጣ። በጣቱ አንጓ መታው፤
ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ መታው።
«ስንት ቀኑ ነው?»
«ሦስት መቶ አሥራ አንድ።»
እንደገና መታው፣
እንደ በር፣ እንደ ጎረቤት በር።
«ገና ልጅ ነው» አለ።