ቀለም የገባው መንገድ

ሥራችን ሌሊት ነው፣ ፒትስበርግ ስትተኛ፣
ወንዙ ብቻ ሲሄድ፣ ነቅተን ስንቀር እኛ፤
የትራፊክ መብራቱ ለባዶ አስፋልት
ቀይ ሲል፣ አረንጓዴ ሲል፣ ሰው በሌለበት።

ዌንደል ይጠርጋል። እኔ ቅርጽ ማውጫውን
አነጥፍና ዳገቱ ወገብ ላይ አፈሳለሁ ነጩን፦
አንድ ብስክሌት፣ ጋላቢ የሌለው፣
ከራሱ በላይ ሁለት የቀስት ጫፍ ያለው፣
ልክ እንደ አሥር አለቃ ማዕረግ።
«ሹመቱስ ደግ ነበር፣ ሎሬታ» ይለኛል ላቡን ሲጠርግ፣
«ጦሩ የት አለና?»

መንገዱ የጋራ ነው። ባለብስክሌቱ
መሀሉን ቢይዝ፣ ታገሠው፤ መብቱ ነው፣ መብቱ።
ደንቡ ይኸው ነው። አጥር የለው፣ ግንብ የለው፣
ድንበሩ ቀለም ነው፤
ቀለም ደግሞ ላልቆጠረው ሰው ምኑ ነው?

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ወገቤ ዝሎ፣ ጥፍሬ ሥር ነጭ፣
ፒክአፔን አስነስቼ ወደ ቤት ስከንፍ
ከፊቴ አንድ ልጅ
መሀሉን ይዞ ዳገቱን ይገፋል፣
የጡሩምባ ሣጥን እንደ ጨቅላ አዝሏል።
አንዴ ተነፈስኩ። ሁለቴ ተነፈስኩ።
ሦስተኛው ሳይደርስ ጡሩምባዬን ነፋሁ።
እጄ ነው እንዳልል፣ ይኸው እጄ
«ታገሥ» ሲጽፍ ያደረ፣ ሌሊቱን ተንበርክኬ።

እሱም ጡሩምባ አለው። አልነፋውም።
ዞር አላለም፤ አልሰደበኝም።
ግራ እጁን ከመሪው አነሣና
በአንድ ጣት ቁልቁል አሳየኝ፦
ከጎማው ሥር፣ ገና ያላደፈ፣
የራሴ ነጭ።

አስፋልቱን ቀለም ገባው፣ በአንድ ሌሊት፤
እኔን፣ ቀቢዋን፣ በአሥራ አንድ ዓመት።

ፍሬን ያዝኩ። በሱ ልክ፣ በእግረኛ ልክ ተከተልኩት።
ከኋላዬ አንዱ ነፋ፤ ከሱ ኋላ የዳቦ መኪናው፤
ከዚያ አውቶቡሱ። ሰልፉ እስከ ድልድዩ ወረደ።
መስኮቴን ከፍቼ እኔም እጄን አወጣሁ፣
በአንድ ጣት ቁልቁል። ማን እንዳየኝ እንጃ።
ጫፉ ላይ ልጁ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤
ሁላችንም ፈተለክን።

ማታ ለዌንደል አልነገርኩትም።
ሦስት ወር ሳይሞላው ነጩን ጎማ እንደሚበላው
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።
ቅርጽ ማውጫውን አነጠፍን።
«ጦሩ የት አለና?» አለ እንደ ልማዱ።
«ዳገት ላይ ነው» አልኩት፤ «እየተነጫነጨ።»