የሌሊት ተረኛ፣ ቦዬ

ሐምሌ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ወንዙ ሞልቶ መጣ፣
የማሳውን አፈር ተሸክሞ በቁጣ።
ስድስት ብርጭቆ ሞልቼ ደረደርኩ፣
አሉሙን በጠብታ እየለካሁ ቆጠርኩ፤
አንደኛው እንደ ድፍርሱ፣ ሁለተኛው አመነታ፣
አራተኛው ላይ ጭቃው
እንደ እርጎ ረግቶ ከሥር ተኛ በዝምታ።

«ካልደፈረሰ አይጠራም» ብሎ የሚተርት
አንድ ሌሊት ይደር እዚህ፣ ከአሸዋው ፊት።
መጥራት በራሱ አይመጣም፤
መጥራት እንቅልፍ ይበላል፣
መጥራት ደሞዝ አለው፣ ያውም የማይበቃ።

ስምንት ሰዓት ላይ አሸዋው ሲታፈን
ቫልቩን አዙሬ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ለቀቅኩ፤
የሁለት ቀን እድፉን ተፋ።
አብሬው ሳልኩ።

ጅማ ተኝታለች። ሂርማታ፣ መንደራ፣ ቆጪ።
ውሃው የጠራ ለት ማን አጠራው አይባልም፤
የደፈረሰ ለት ግን ስልኩ አያርፍም።

ጠዋት ቤት ስገባ ፈቲያ ከቧንቧው ቀዳች፣
ብርጭቆውን አሸተተች፣
አፍንጫዋን ሰበሰበች።
«ዛሬም ክሎር ክሎር ይላል» አለች፣
«ሳትተኛ ነው ያደርከው።»

ከዚያ ቆማ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣
እስከ ታች ጨለጠችው።