የተሰጣ ድንጋይ

ሻርጃ፣ ከብረት ሰፈር፣ የዛሬ ዓመት ገደማ፣
ከጉልዛር ነው የገዛኋት፣ ሞተሯ ሳይሰማ።
ኮፈኗን ከፍቼ ዞሬ ዞሬ ባየው
ዘይት የለ፣ ቀበቶ የለ፣ ምኑን ልፈትሸው?
«እህቴ፣» አለኝ ጉልዛር፣ «ዘይት መቀየር ቀረ፣
የቤንዚን ወረፋሽ ከዛሬ ጀምሮ ተሻረ።»
ሠላሳ ስምንት ሺህ ድርሃም፤ ግማሹ የዕቁብ፣
ግማሹ በየወሩ ከጉሮሮ የሚሳብ።
«ባትሪውስ?» ስለው፣ ስልኩን አወጣና
«ሰማንያ አንድ በመቶ» የሚል አሳየኝና
«ገና ልጅ ነው» አለ።
እኔም ልጅ ነበርኩ ወደዚህ አገር ስመጣ፤
ከመቶ ስንት እንደቀረኝ ማን ለካኝ? በየት ስልክ ወጣ?

ልክ ነው፣ አልክድም፤ ያቺ አሮጌ ካምሪ
የቀን ቀለቧ ስልሳ ነበር፣ የኪሴ መዝባሪ።
ይቺ ግን በአሥራ አምስት ድርሃም ትውላለች፣
አራት ነርሶች ጭና፣ ከሮላ እስከ ሆስፒታል፣ ኮሽ ሳትል ትሄዳለች።
ከኋላ የምትቀመጠው ሺጂ፣ የኬረላዋ፣
«ቤተ ክርስቲያን ያለሁ መሰለኝ» አለች፣ ደስ ብሏት ዝምታዋ።

ግን የት ትሙላ?
እኔ ስድስተኛ ፎቅ፣ እሷ ታች አስፋልት፤
በመስኮት ገመድ አይወረወር፣ እንደ ጉድጓድ ባልዲ በሌሊት።
ጠባቂው ሻፊቁል አንድ ቀን አዘነልኝ፣
ከውሃው ፓምፕ ክፍል ሶኬት ፈቀደልኝ።
ሲነጋ የሕንፃው ወኪል ደረሰኝ ይዞ ከተፍ አለ፣
«መብራቱ የአሳንሰር ነው፤ መኪና በውልሽ ላይ የታለ?»
ሦስት መቶ ድርሃም ከእኔ፣ ከሻፊቁል የሁለት ቀን ደሞዝ።
(የእሱን መለስኩለት። አልቀበልም ብሎ፣ ኋላ ተቀበለ።)

እናም ከገበያ አዳራሹ ሥር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ተራ ይዤ አድራለሁ።
ከፊቴ ሁለት አሉ። አንደኛው፣ የግዙፍ አዲስ መኪና ጌታ፣
ወንበሩን ዘርግቶ፣ አየሩን ከፍቶ፣ እንቅልፉን ይለጥጣል በደስታ።
መቶ ከደረሰ ቆይቷል፤ አይነቃም፣ አይነቀልም።
መስታወቱን ላንኳኳ አልኩና፣ የሰው አገር ነው፣ አላንኳኳሁም።
የሞላለት ተኝቷል።
ያልሞላለት ይጠብቃል።

እህቴ ዘይቱና ከኮምቦልቻ ትደውላለች፤
«ነዳጅ መግዛት ቀረልሽ አይደል? ታዲያ የተረፈው የት ገባ?» ትላለች።
ምን ልበላት? ጎማ በላው፤ ክብደቷ ጎማ ይጨርሳል፤
ኢንሹራንሱ «የባትሪ ናት» ብሎ የካምሪዋን እጥፍ ያስከፍላል።
ባትሪውስ ከሞተ? ጉልዛር ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቀ፤
እሷን ራሷን ከገዛሁበት እምብዛም አልራቀ።
ነሐሴ ላይ ማቀዝቀዣው ከተከፈተ መንገዴ ያጥራል፣
ከተዘጋም ሺጂ ገና ሥራ ሳትገባ ልብሷ ይረጥባል።
«ተርፎኛል» አልኳት።
ከተለመደው መቶ ድርሃም ጨምሬ ላክሁላት።

ባቲ ሳለን አባባ፣ ሌሊት ውሃ ሊመራ ሲወጣ፣
የሚይዛት ባትሪ ነበረች፣ ባለ ሦስት ድንጋይ።
ስትደክምበት አይጥላትም፤ ድንጋዮቹን ያወጣና
ቆርቆሮው ላይ ያሰጣቸዋል፣ ከቀትሩ ፀሐይ።
በጥርሱም ይነክሳቸዋል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ማታ አንድ ዙር ታበራለች፣
ቦዩን እስኪዘጋ ድረስ፤ ከዚያ ወዲያ የለችም።

የዚህ አገር ፀሐይ ግን ድንጋይ አታስነሳም፣ ትበላለች።
ጉልዛር «ጥላ ፈልጊላት» ብሏል፤ ጥላም እዚህ ትከራያለች።
ከሸራው ሥር፣ ለሰዓት ሁለት ድርሃም፤
ነርሶቹ እስኪወጡ ስምንት ሰዓት፣ ከቀለቧ ጥላዋ ይበልጣል።
ውስጧ ልቀመጥ ብል ማቀዝቀዣው ከመቶዋ ይቀንሳል።
እዚያ አቆማትና
ወጥቼ ከግንቡ ጠርዝ ላይ፣ ሻሼን ግንባሬ ላይ ጎትቼ፣
እሷ ከጥላ ሥር፣
እኔ ከፀሐይ ተሰጥቼ።
ማታ ገና አንድ ዙር አለን።