የእባቡ ቀበሌ

«የእባብ ልጅ እባብ ነው» ይላል ያገሬ ሰው፤
ማን ይሆን ቀምሶ አይቶ፣ ቃሉን ያወረሰው?
እኔ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሁለት ንክሻ ያየሁ፣
መድኃኒት አዳዩ፣ ከተረት ተለየሁ።

በጥቅምት አስካለ፣ ከወደ አጣዬ፣
ማሾ ለቃሚዋ፣ ገባች በእዬዬ።
ትንፋሿ ደህና ነው፣ አንደበቷም ደህና፤
እግሯ ግን ጠቆረ፣ ሥጋው ረገፈና
አጥንቷን አየነው።
ሁለት ብልቃጥ ሰጠን። እብጠቱ ቆመ።
የሞተው ሥጋ ግን ሞቶ ቀረ፤ አከተመ።

ጥር ላይ ደግሞ አንዳርጌ።
የውኃ ተራ ደርሶት፣ ጀውሃ ዳር፣ በሌሊት፣
ሽንኩርት ሲያጠጣ ነው ያገኘው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ።
ወንድሙ ገድሎ አመጣው በማዳበሪያ ከረጢት፤
ያው ኮብራ፣ ያው አንገት፣ ከአስካለ ጠላት የማይለይ።
እግሩ ግን አላበጠ። ሁለት ነጥብ ብቻ፣
የድሮ ጸሐፊ ቃል ከቃል ሊለይ እንደሚጥላት።
«እንቅልፌ መጣ» አለ። እንቅልፍ አልነበረም፤
የዓይኑ ቆብ ነው የወደቀው።
ቀጥሎ ምላሱ ታሰረ፣ ምራቁን መዋጥ አቃተው።

መብራት የለም። ከፍሪጁ ብልቃጥ አወጣሁ፣
በስልኬ ብርሃን ልጣፉን አነበብኩ።
የሰው አገር በረሃ፣ የሰው አገር እባብ ስም።
ያንን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ የወጉት ፈረስ
የዚያን አገር ጠላት ነው ደሙ ያጠናው፤
የኛን ከየት አውቆት?
ዘመድ መሳይ አይቶ፣ በግምት እንደሚምል ምስክር
ገባ በአንዳርጌ ክንድ።

አንደኛው፤ ምንም።
ሁለተኛው፤ ምንም።
በሦስተኛው ጣቱ የተነቃነቀ መሰለን፣
አለዚያም የተንቀጠቀጥነው እኛ ነን።
አራተኛ የለም።

ሲስተር ዘምዘም አምቡላንስ ውስጥ ተንበርክካ
የአየር ፊኛውን በእጇ ትጨምቃለች፤
ደብረ ሲና ጉም ነው፣ ጣርማ በር ዋሻው ጨለማ፤
እየቆጠረች ትንፋሽ ታበድረዋለች፤
አምስት መቶ ላይ ቁጥሩ ጠፋባት፣ እንደገና ከአንድ፣
እስከ ደብረ ብርሃን።

ተመለሰ። በእግሩ። ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥሎ።
«ያ መድኃኒትህ አዳነኝ» ይለኛል፣ እጄን ይዞ።
ብልቃጡ ይሁን የዘምዘም መዳፍ፣
አልነገርኩትም። አላውቀውማ።

ማታ መዝገቡን ከፈትኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ።
የታማሚ ቀበሌ ዓምድ አለው፤
የነዳፊው የለውም።
በኅዳጉ ላይ አጥብቤ ጻፍኩ፦
«አስካለን የነደፈ፣ የአጣዬ ልጅ። ሥጋ ይበላል።
አንዳርጌን የነደፈ፣ የጀውሃ ልጅ። ትንፋሽ ያስራል።
ማርከሻው፣ በከፊል።»

መብራት መጥቷል። ፍሪጁ ከጀርባዬ ያጉረመርማል፣
ባዶውን ሊያቀዘቅዝ።