ምንም የማታበራ ማብሪያ

በቺሎኤ ደሴት ዝናብ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤
ነፋስ ሳያማክር ደጃፍ አይራመድም።
አንድ ሌሊት በጣውላው ስንጥቅ ሾልኮ ገብቶ
ድው አለ ቆጣሪው፣ አንዴ ሰማያዊ አብርቶ።
የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ ከጓዳ፤
ሻማ ይዤ ቆምኩኝ፣ ለገዛ ቤቴ እንግዳ።

የእህቴ ልጅ ከፑዌርቶ ሞንት በስልክ ትመክረኛለች፦
«ርካሽ አለ፣ ማስታወቂያ የለጠፈ፣ ልላክልሽ?» ትላለች።
እኔ ግን ሰው የምቀጥር ቤቱን አይቼ ነው፤
የገዛ በሩ ደወል የማይጮህ ባለሙያ ለኔ ምኔ ነው?
ዓሣ ሻጯን ኦቲሊያን ጠየቅኋት፤ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ
«ሁቬናልን ጥሪ» አለች፣ «እጁ የታመነ ነው፣ ምላሱ ግን ሬሳ።»

መጣ በማግስቱ። ቦርሳው ያባቱ፤
ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ገባ ከቤቱ።
ካንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ብቅ ብላ ታያለች፤
ሚስት እንደሌለው፣ ወይም እንደተኳረፉ ትናገራለች።
ዋጋ ጠየቅሁት። ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ዝም አለ፤
«ሳልከፍት አላውቅም፤ ከፍቼ ልንገርዎ» አለ።
ወደድኩለት ያን ቃሉን፤
ስንቱ ነው ሳይከፍት የሚያውቅ ሁሉን!

ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳዬን በካቻቢቴ ቆፈረ፤
ጨው የበላውን ሽቦ ጎትቶ እንደ ዓሣ አንጀት ደረደረ።
የዘረጋው ሩፔርቶ ነበር፣ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፤
መረብ ሠሪ፤ መጋጠሚያው ሁሉ የመረብ ቋጠሮ ነውና
ሁቬናል አንዱን ፈታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፦
«ዓሣ ያስቀር ነበር» አለኝ፣ «መብራቱ ግን ሾልኮ አለቀ።»

ከአልጋዬ ራስጌ አንዲት ማብሪያ አለች፣ ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ካፖርት ቁልፍ፤
ምንም አታበራ። እጄ ግን ነክቷታል ጊዜ እልፍ።
ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ስጠርግ ቀጭ አደርጋታለሁ፤
ቀጭ፣ ቀጭ፤ ምን ሥራ አላት ብዬ እስቃለሁ።
ሩፔርቶን ጠይቄው ነበር። «ተያት» ይለኛል፣ «ለሥራ ናት።»
ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ፤ ማንን ልጠይቅ? ተውኳት።

ሁቬናል ወለሉን አነሳ፣ ሽቦዋን ተከተለ፤
ከቤቱ ሥር በሆዱ ተስቦ «ትቀጥላለች» አለ።
በአጥሩ ሥር፣ በድንቹ መደብ፣ በዛገ ቧንቧ አልፋ
ጎረቤቴ ኤላዲዮ ጓዳ ወጣች፣ ግድግዳውን ተደግፋ፤
ጫፏ ላይ ትንሽ ቀይ አምፖል።

ኤላዲዮ ከልጅነቱ አይሰማም፤ የሩፔርቶ የጀልባ ባልንጀራ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሕሩ ሲጣራ
በር ቢደበድቡለት፣ ድምፅ ለርሱ ምን ሊሠራ?
ስለዚህ ባሌ፣ መረብ ሠሪው፣ ብርሃን ወረወረለት፤
አንዴ ቀጭ፣ ቀይ ከዓይኑ ፊት፤ ተነሥ ማለት።

በእጃችን ምልክት፣ ሁለታችንም፣ ጠየቅነው።
ይኸው መልሱ፣ በእርሳስ የጻፈው፦
«እሱ ከሞተ በኋላም ትበራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በቀን።
መጀመሪያ ሽቦው አርጅቶ ነው አልኩ።
ቆይቶ ግን አንቺ መሰልሽኝ፣ ‹አለህ ወይ?› የምትይኝ።
እየተነሣሁ መስኮቴን እከፍት ነበር። አላየሽኝም?»

ዐሥራ አንድ ዓመት ያ መስኮት ቅዳሜ ሲከፈት አየሁ፤
ቤቱን ያናፍሳል፣ ንጹሕ ሽማግሌ ነው፣ እያልኩ አልፌአለሁ።

ሁቬናል ፒንሳውን አወጣ። «እቺን ሽቦ ሕግ አይፈቅዳትም፤
ያልተለኮሰች እሳት ናት፤ እንዲህ ጥዬያት አልሄድም።»
ቆረጣት።

ከዚያ ሒሳቡን ጻፈ፦ ቆጣሪ፣ ሰባት ሶኬት፣ ናስትሮ፣ የሦስት ቀን ጉልበት፤
ከሥሩ ሌላ መሥመር፦ ዐሥራ ስምንት ሜትር አዲስ ሽቦ፣ እስከ ጎረቤት፤
ከዋጋው ቦታ ግን ምንም አልጻፈበት።
ተጨቃጨቅሁት። የነጻ ነገር አልወድም፤
ግማሽ ጆንያ ድንች አሸከምኩት፣ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲም፣
የሩፔርቶን።
ምንም አላለም። እዚያው በሬ ላይ ቆሞ አጠለቀው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አቧራ የለም፤ ትናንት ጠርጌአለሁ።
ማብሪያዋ ነጭ ሆናለች፣ አራት ማዕዘን፤ መልኳን አልወደድኩትም።
ቀጭ።
ዝናብ ነው፣ በጎን የሚመታ፤
ይከፍታል።