ያልጮኸው ብር

ሰኔ ሠላሳ ቀን፣ ዝናብ ሲያስገመግም፣
እመት ዘሀራ መጣች ካዲስ ዓለም፤
ጣሳ በነጠላ፣ ጣሳው ውስጥ አፈር፣
አፈሩ ውስጥ ደግሞ ዐሥር ጠገራ ብር።

«መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ቤታችን ፈረሰ፤
ካባቴ ደፍ ሥር ነው ይህ ሁሉ የታፈሰ።
እንደ መስተዋት አርገው፣ ፊቴን ልየው ከላይ፤
የሚያብረቀርቅ ነው ፈረንጅ የሚያይ።»

አይ እመት ዘሀራ!
ስንቱን አይቻለሁ ባመድ በሎሚ ታሽቶ፣
ባሸዋ ተፈግፍጎ፣ ተቀቅሎ ባቼቶ፣
የንግሥቷ አፍንጫ ተፍቆ ተራግፎ፣
ጽሕፈቱ እንደ ቅርፊት ከዳሩ ተገፎ።
ያበራል፣ እውነት ነው፤ ንግሥቷ ግን የለች፤
ፊቷን ለሎሚ ውኃ ከፍላ ወጥታለች።

ታምያት ነው ያስተማረኝ፣ የወለቃው አንጥረኛ፤
(አገር ከለቀቀ ዓመቱ ስንተኛ?)
ገና ልጅ ሆኜ፣ ብር ስፈትግ በችኮላ፣
ጣቴን በጉጠት ይዞ እንዲህ አለኝ ኋላ፦
«ጥቁሩን አትንካ፤ ቆዳው ነው የብሩ፤
አረንጓዴው ነው ቁስሉ፣ መብላት ነው ግብሩ።
ቆዳና ቁስል ሳትለይ ብሩሽ ካነሣህ፣
ሂድ ድስት ፈትግ፤ እሱ ነው ሥራህ።»

ስለዚህ ዐሥሩንም ዝናብ ውኃ ነከርኩ፤
(በቧንቧው መድኃኒት አለ፤ ከጣራ አጠራቀምኩ።)
ሦስት ሌሊት አደረ፤ አፈሩ ለቀቀ
ቀስ ብሎ፣ እንደ አኩራፊ ሰው፣ ሳይለምኑት የታረቀ።
ከዚያ ሐምሌን ሙሉ በኑግ ዘይት፣ ባልተጣራ፤
በየሳምንቱ ማክሰኞ እመት ዘሀራ፦
«ዛሬስ አበራ?»
«አላበራም።»
«መቼ ነው?»
«እኔ እንጃ፤ ብሩ ያውቃል።»
ጃንጥላዋን ይዛ ትቆማለች፤
ከፖስታ ቤቱ ጣራ ውኃ ይወርዳል።

ነሐሴ ሲገባ፣ በወይራ ስንጥር ጫፍ፣
ከፊደል ፊደል መሃል አረንጓዴውን ማርገፍ፤
ትንፋሽ ይዞ መልቀም፣ እንደ ዓይን ጉድፍ።
የትከሻ ጌጧን ዕንቁ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። የሚቀጥለው፣ ዘጠኝ።
ሁሉም ላይ ዘጠኝ፣ ዐሥረኛውም ላይ ዘጠኝ፤
እሱ ነው የሸነገለኝ።
ከዚያ አንድ ባንድ ከደረጃው ድንጋይ ላይ ጣልኩ፤
ዘጠኙ ጮኹ።
ዐሥረኛው «ዷ» አለ። ድንጋዩ ላይ ተኛ።
ጠርዙን ጫር ባደርገው፣ እርሳስ። ሐሰተኛ።

ጥፋቱ የኔ ነው? ሳልነካው ካፈሩ
ዐሥር ነበር ቁጥሩ።

ስነግራት ዝም አለች። በጥፍሯ ወጋችው።
ገለበጠችው። አሁንም ወጋችው።
«አባቴ» አለች ኋላ፣ «መተማ በቅሎ የነዳ፣
ብር በጥርሱ የሚለይ፣ ያለ መብራት፣ በሜዳ፣
እንዴት ብሎ ይሸወዳል? አውቆት ነው የቀበረ፤
ቢያወጣው፣ ሌላ ሰው ይከስር ነበረ።»
ወይም ጅል እስኪያገኝ ነበር የሚያቆየው።
ይህን አልነገርኳትም፤
ሰውየውን አላየሁት፣ እሷ ናት ያየችው።

ዘጠኙን ወሰደች፣ ከነጥቁር ቆዳቸው።
ዐሥረኛውን መለሰች፦ «ይኼን ግን አብራው።
ባመድም፣ በሎሚም፣ ያልከኝን ሁሉ ክፉ፤
የሚጠፋበት የለው። ላዲሱ ቤት ነው፣ ለደፉ።»

ታምያት ቢያየኝ ኖሮ…
አሸሁት፣ ፈተግኩት፤ እርሳስ ታሽቶ ሲነጣ
ላንድ ቀን ጨረቃ ነው፣ አመዱ እስኪመጣ።
በዚያችው አንድ ቀን ጠቅልላ ያዘችው።
የከፈለችኝን ኖት፣ አመል ነው፣ ለብርሃን ከፍ አርጌ አየሁ፤
ሎሚ በሚሸት እጄ።
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።